ለሽባባው ያላነበብኩለት መስመር

የሽባባው እጆች ሥራ ላይ ነበሩ። በረንዳው ላይ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ የቢላዋውን እጀታ በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ፣ በቀኝ እጁ ሞረዱን ይዞ ስለት ያወጣ ነበር። ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ይገፋል፣ ቆም ይላል፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ያስኬዳል። ከተንሸራተተ ገና ነው። ጥፍሩን ነከስ ካደረገው ደርሷል። ቢላዋው የማረጃ ነበር፤ የእኛ የቤተ እስራኤሎች ቄስ የላኩት። የማረጃ ቢላዋ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥርስ ከተገኘች ሥጋው አይበላም። ስለዚህ ሽባባው ሌላውን ቢላዋ ሲሞርድ ያወራል፣ ይቀልዳል፤ ይሄን ሲይዝ ግን ዝም ይላል።

እኔ ከበሩ አጠገብ ልብስ እያጣጠፍኩ አየው ነበር። ሁልጊዜ አየዋለሁ። ሲበላ አየዋለሁ፣ ሲተኛ አየዋለሁ፤ «ምን ጎደለኝ ብለሽ ነው የምትቆጣጠሪኝ?» ይለኛል። ማክሰኞ ነበር፣ ረፋድ ላይ።

ሞረዱ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል ጣቶቹ ሞረዱን ነኩት እንጂ አልጨበጡትም። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ቀና ብሎ የሌላ ሰው እጅ ይመስል እጁን ተመለከተው።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«እጄ ደነዘዘ።»

«ተጫንከው መሰለኝ።»

«እኔም መሰለኝ።»

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ጣቶቹ ተመለሱ፤ ሞረዱን አነሳና ካቆመበት ቀጠለ። እኔም ወደ ልብሴ ተመለስኩ። ለልጄም ለማንም አልነገርኩም። መጥቶ የሄደ ነገር ምን ተብሎ ይነገራል?

ሽባባው የደምቢያ ልጅ ነው፣ የባለ እጅ ልጅ። አባቱ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ጎረቤቶቻችን ቀን ቀን ማረሻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ማታ ደግሞ «ቡዳ ናቸው» ብለው ልጆቻቸውን ከእኛ ይደብቃሉ። ሽባባው ይሄን ሲያወራ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። «በማረሻዬ ያመረቱትን እህል ግን ሲበሉ አልፈሩም» ይላል። ስንጋባ «አንቱ» ነበር የምለው፤ ወጉ ነው። ወደ ሱዳን ስንጓዝ፣ ልጃችንን ኤናትን አዝዬ እሱ ደግሞ ውኃውን ተሸክሞ፣ አንድ ሌሊት ደክሞኝ «አንተ፣ ቁም እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። ቆመ። ከዚያ ወዲህ «አንተ» ሆኖ ቀረ።

እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ከገባን በኋላ በኢንዱስትሪ ቀጠናው በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሃያ ሰባት ዓመት ሠራ። ማሽን አጠገብ ቆሞ የሚወጣውን ባልዲ ትርፍ ጠርዙን ይቆርጣል፣ ይደረድራል። ዕብራይስጡ የፋብሪካ ዕብራይስጥ ነው፤ «አምጣ»፣ «ዝጋ»፣ «ነገ እመጣለሁ»፣ «ወገቤን አመመኝ»። ፊደል ግን አልተማረም። እኔ በስልሳ ዓመቴ በሰፈሩ ማዕከል የሴቶች ትምህርት ጀምሬ መጀመሪያ የዕብራይስጡን፣ ቀጥሎ የአማርኛውን ፊደል ስለይ፣ «አብረን እንማር» ስለው «እጄ ብረት ነው የለመደው። አንቺ ለሁለታችንም ተማሪ» አለኝ። እኔም ለሁለታችን ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታችን የሚገባ ወረቀት ሁሉ፣ የኩፓት ሆሊሙም (የጤና መድኅኑ)፣ የጡረታውም፣ የውኃውም፣ በእኔ ዓይን በኩል ነው የሚያልፈው። ልጄ ኤናት ሥራዋ የፋብሪካ ፈረቃ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ «አሳዪኝ» ትል ነበር፣ በኋላ ተወችው። «እናቴ ታነባለች» ብላ ለጓደኞቿ ስታወራ ሰምቻታለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሽባባው የማያነብ ይሁን እንጂ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር በራሱ ውስጥ ይዟል። ሰባት ቤት ይቆጥራል። በእኛ ወግ ልጅና ልጅ ከመጋባታቸው በፊት የሁለቱ ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ጋብቻ የለም። ልጆቹ ቢዋደዱም፣ አዳራሹ ቢያዝም፣ የለም። የዚህ አገር ወጣት ይሄን ሲሰማ ይስቃል፣ ግን የራሱ ቀን ሲደርስ ሽማግሌ ይልካል። ሽባባው የእኛን አገር ሰው በአባትም በእናትም ስለሚያውቅ፣ ከአሽኬሎን ከተማ ድረስ ይደውሉለታል። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍንና «የማን ልጅ? እ፣ የነሱ እናት ከወገራ ናት» እያለ ይሄዳል።

በዚያ ሰሞን ተራው የእኛው ነበር። የኤናት ልጅ ኦዴሊያ፣ ሐይፋ የምትማረው፣ ቶመር የሚባል ልጅ አምጥታ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሲገባ ጉልበት ይስማል፣ ሲወጣ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። የቶመር አያት አያ ድረስ በሚመጣው እሁድ ሳይሆን በተከታዩ ቤታችን መጥቶ ሊቆጥር ቀን ተቆርጧል።

ሞረዱ በወደቀ በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ ምሽት፣ ሰንበት ገብቶ ማዕድ ላይ ነበርን። ኦዴሊያም ነበረች። ሽባባው ዳቦውን ባርኮ ቆርሶ አደለንና ሊናገር አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ድምፅ ነው እንጂ ቃል አልነበረም። የቀኝ ከንፈሩ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ዓይኑ ግን እኔን ነው የሚያየው፤ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ እንደሚፈልግ ሁሉ ያየኛል።

ኦዴሊያ ስልኳን አነሳች።

«ሰንበት ነው፣ ልጄ» አልኳት። «ቆይ፣ ይመለስለታል። ማክሰኞ ዕለትም እጁን እንዲህ አድርጎት ተመልሶለታል።»

«ማክሰኞ? ሳብታ፣ ማክሰኞ ምን ሆነ?» አለች፤ ሳብታ ስትለኝ አያቴ ማለቷ ነው። መልሴን ሳትጠብቅ ወደ አምቡላንስ፣ መቶ አንድ ደወለች። «ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል፤ አንቺ ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

አምቡላንሱ ሲደርስ ሽባባው ማውራት ጀምሮ ነበር። አንዱን ነርስ «አባትህ ማነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሩስያዊ ነበር። ሁላችንም ሳቅን። ሳቃችን እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ሆስፒታል ሦስት ሌሊት አደርን። ጭንቅላቱን ፎቶ አነሱት፣ አንገቱን በሚያንሸራትቱት መሣሪያ አዩት። እሁድ ጠዋት ኦዴሊያ በባቡር ወደ ሐይፋ ተመለሰች፤ ኤናት ሥራ ላይ ነበረች። ዶክተሯ የመጣችው እኔና እሱ ብቻችንን ሳለን ነው። ማያን ትባላለች፣ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የያዘች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «አስተርጓሚ በስልክ ላምጣላችሁ?» አለች።

«አያስፈልግም» አልኩ። «እኔ እነግረዋለሁ።»

ይሄን ያልኩት በኩራት ነው። ልደብቀው አልደብቀው፣ በኩራት ነው።

ዶክተሯ በቀስታ ተናገረች። ሁሉም ገባኝ። «ዱድ አላችሁ አይደል ጣራ ላይ? ውኃ የሚያሞቀው። ቧንቧው ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል። በግራ አንገቱ በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ ደም ስርም እንደዚያ ተጋግሯል። ከአሥር እጅ ሰባቱ ተዘግቷል። ከዚያ ላይ እየተፈረፈረ ነው ወደ ጭንቅላቱ የሚሄደው። ሁለት ጊዜ ትንሽ ነበር፣ ሟሟ። ሦስተኛው ላይሟሟ ይችላል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ደም ስሩን ከፍተን እናጸዳዋለን። ግን ቀኑ ዋና ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ምልክት ከመጣ በኋላ የሚያስፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ናቸው። ቀዶ ጥገናው በጣም የሚጠቅመው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሆን ነው። በቆየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ለሐሙስ አስገብቼዋለሁ። እስከዚያ እዚሁ ቢቆይ እመርጣለሁ።»

እጇን አንስታ በራሷ አንገት ላይ፣ ከጆሮዋ ሥር ወደ ታች፣ በጣቷ መስመር አሰመረች። የሚከፈተው የት እንደሆነ ልታሳየኝ ነው።

እኔ ግን በዚያ ጣት ምትክ ቢላዋ አየሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ሽባባው ለአንገት የሚሆን ስለት ሲያወጣ ሳይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ለበግ አንገት፣ ለበሬ አንገት። አንገት ላይ ካረፈ ስለት ተርፎ የቆመ ነገር አላየሁም።

«ምን አለች?» አለኝ ሽባባው።

ዶክተሯ ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። እሱም ዓይኔን እያየ ይጠብቃል።

«የአንገትህ ደም ስር ጠቧል ነው የምትለው» አልኩት። «ክኒን ትውጣለህ። በኋላ ደግሞ ያጸዱታል።»

«መቼ?»

«ቀኑን ይነግሩናል።»

ሰኞ ዕለት ቤት ይሻለዋል ብዬ ይዤው ወጣሁ። ዶክተሯ ደስ አላላትም፣ ግን ሐሙስ ጠዋት እንደምናመጣው ቃል ገባሁላት። የመውጫውን ደብዳቤ ሰጠችኝ። አውቶቡስ ውስጥ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ ከሌላው በደመቀ ፊደል እንዲህ ይላል፦ ቀዶ ጥገናው ምልክቱ ከታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ መደረግ አለበት፤ አስቸኳይ። ከሥሩም ሐሙስ፣ ከነሰዓቱ።

አንዳንድ ጊዜ ፊደል ባልተማርኩ ኖሮ እላለሁ። ያኔ «አልገባኝም ነበር» ብዬ እገላገል ነበር። እኔ ግን እያንዳንዷን ፊደል አውቃታለሁ። «አስቸኳይ» የምትለዋን ቃል ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ጽፌአታለሁ።

ቤት ስንደርስ ሽባባው ጠየቀኝ። «ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ስለ ክኒኑ ነው።»

«ሌላስ?»

«ጨው ቀንስ ይላል።»

«እሱን እነሱ ሳይሆኑ አንቺ ነሽ የጻፍሽው!» ብሎ ሳቀ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ደወልኩ። ባሌ ትኩሳትና ሳል ይዞታል፣ ሐሙስ አይችልም አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በደንብ ጠየቀችኝ፤ ስንት ዲግሪ፣ ከመቼ ጀምሮ። ዛሬውኑ የቤተሰብ ሐኪም ይየው፣ እኔም ለዶክተር ማያን አሁን እነግራታለሁ አለችኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ሽባባው በረንዳው ላይ በሙሉ ጤና ያፏጭ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ ቁጥሩ የማይታይ ጥሪ መምጣት ጀመረ። የሆስፒታል ስልክ እንደዚያ ቁጥር ሳያሳይ ነው የሚመጣው። ረቡዕ ከሰዓት አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ ሁለት ጊዜ። ስልኩን የወጥ ቤት ፎጣ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ዘጋሁት። ፎጣው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ዓርብ ጠዋት አነሳሁትና ለዶክተሯ «ተሽሎታል፣ ግን ሳሉ ገና አልለቀቀውም» አልኳት። «ለሚቀጥለው ረቡዕ አስገባዋለሁ። እባክሽ የምስራች፣ ከዚያ አታሳልፊው። አንድ ምልክት ካየሽ ግን ወዲያው ይዘሽው ነይ» አለች። ስሜን አስታውሳለች።

ለኤናት ቀጠሮው ከቆጠራው በኋላ ነው አልኳት። ለራሴም ያልኩት ይሄንኑ ነው። አሁን አንገቱ ላይ ጥቅልል ፋሻ ታስሮ ቢቀመጥ አያ ድረስ ምን ይላል? ምላሱ ተይዞ የነበረ ሰው የቆጠረውን ሰባት ቤት ማን ያምናል? የልጅቷ ነገር ይበላሻል። ደግሞም የታመመ ሰው መጀመሪያ ያገግማል፣ ሰውነቱ ይበረታል፣ ከዚያ ነው ቢላዋ የሚነካው፤ እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነው። ይሄ ሁሉ ምክንያት ነበር። ሁሉም እውነት ይመስላል። ሥሩ ግን ያቺ በዶክተሯ አንገት ላይ የሄደች ጣት ነበረች። ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን የእሱ ዕረፍት አስመሰልኩት። ክኒኑን ግን አንድም ቀን አላጓደልኩም፤ እያንዳንዷን በእጄ አስዋጥኩት። በዚህ ልጽናና እሞክራለሁ፣ አያጽናናኝም።

እሁድ አያ ድረስ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ ሽማግሌ ነው። ኤናትና ኦዴሊያ ሶፋው ላይ፣ ቶመር መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አያ ሽባባው፣ ሆስፒታል ገብተህ ነበር አሉ። ለመሆኑ አያቶችህን እዚያ ረስተህ አልመጣህም?»

«ያንተንም ጭምር ይዣቸው መጥቻለሁ» አለ ሽባባው። «አንተ እንደሆነ ከአራተኛው በላይ መሰላል ያስፈልግሃል።»

«እስቲ እንተያያ! ጀምር።»

ሽባባው ዓይኑን ጨፈነ። «ኦዴሊያ የኤናት። ኤናት የእኔ የሽባባው። ሽባባው የአለልኝ። አለልኝ የተገኘ። ተገኘ የጓንጉል...» እያለ ወጣ። በአባት ወጣ፣ በእናት ወጣ፣ በእኔም በኩል ወጣ። አንዲት ሴት ከወገራ ወደ ደምቢያ ስታገባ የሄደችበትን መንገድ፣ የመጀመሪያ ልጇ በየትኛው የረሃብ ዘመን እንደሞተ ሳይቀር ነገረን። አያ ድረስ አምስተኛው ላይ ሲደነቃቀፍ ሽባባው ዓይኑን ሳይገልጥ የራሱን የአያ ድረስን ቅድመ አያት ስም አቀበለው።

«የሰው አያት ትሰርቃለህ እንዴ!» አለ አያ ድረስ።

«አንተ ስትጥላቸው እኔ አነሳኋቸው።»

አልተገናኙም። እስከ ሰባት አንድም ላይ አልተገናኙም። ኦዴሊያ ተነሥታ አያቷን አቀፈችው፤ ቶመር «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አዳራሹን ከፍለን ነበር» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሽባባውን አፍ አይ ነበር። ከንፈሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ቃሉ ጥርት ያለ ነው። በልቤ «ይሄው፣ ምን ሆነ? ደህና አደረግኩ» አልኩ። ኃጢአቴን ልቁጠር ብል ከውሸቱ ይልቅ የምትከብደኝ ይቺ ናት። ደህና አደረግኩ ብዬ ተደሰትኩ።

ሰኞ ጠዋት ለሠርጉ ልብስ ጨርቅ ልናይ ወጣን። የአፉላ አውቶቡስ ጣቢያ ሰኞ ጠዋት በወታደር ልጆች የተሞላ ነው፤ ቦርሳቸው መንገዱን ይዘጋል። ሽባባው የአውቶቡስ ካርዱን በቀኝ እጁ ይዞ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ካርዱ ወደቀ። ከዚያ እግሩ እንደ ከበደው ወደ ቀኝ አዘመመ። ደግፌ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። ከንፈሩ ወርዷል።

«አይዞህ» አልኩት። «ቁጭ በል። አሁን ይመለሳል።»

ጠበቅኩ። ሰዎች፣ ጠበቅኩ። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፣ ሌላም መጣ። ግንባሩን በሻሼ እየጠረግኩ፣ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሦስተኛም ይመለሳል እያልኩ አግዳሚው ላይ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። አንዲት ወታደር ልጅ፣ ጠመንጃዋን ወደ ኋላ አዙራ፣ ፊቱ ላይ ጎንበስ አለች። ስሟ ሽሪ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት።

«ሳባ፣ ፈገግ በል እስቲ» አለችው፤ አያቴ ማለቷ ነው። ግማሽ ፊቱ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ወደ እኔ ዞራ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«አሁን ነው... ይመለስለታል።»

«ከመቼ ጀምሮ፣ ሳብታ? ሰዓቱን ይፈልጉታል።»

የጣቢያውን ሰዓት አየሁ። ሃያ ደቂቃ አልፎ ነበር። እሷ መቶ አንድ ደወለች።

ያን ቀን የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሰጡት። ነፍሱን አተረፉለት። ቀኝ እጁና ቃሉ ግን አልተመለሱም። ማምሻውን ዶክተር ማያን ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። ፀጉሯ ላይ ያች እርሳስ ነበረች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሳሉ እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው የምትጠይቀኝ። ሳል ካለው ሳንባውን ልታሳይለት ነው።

«ሳል አልነበረውም» አልኳት።

ግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እኔንም አስቀመጠችኝ። «ለምን?» አለች። «አንገት ስለሆነ» አልኳት። ስለ ሽባባው ቢላዋ፣ ስለ በጉ፣ ስላየሁት ሁሉ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ያን ቀን ብትጠይቂኝ ኖሮ» አለች፣ ከዚያ የጀመረችውን ተወችው።

ኤናት ከፋብሪካ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ነው የመጣችው። ለእሷም ነገርኳት፤ ከእንግዲህ የምደብቀው አልነበረኝም። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ ወስዳ አነበበችው። አጥፋ መለሰችልኝ።

«እማዬ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ ማንበብ እችላለሁ።»

ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ነገር አልተናገረችኝም፣ እስከ ዛሬም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አንጎሉ ትንሽ ከረጋ በኋላ፣ ሌላ እንዳይመጣበት ደም ስሩን አጸዱለት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ፋሻው ሲነሳ አየሁት። ከጆሮው ሥር ወደ ታች የምትወርድ፣ ከመካከለኛው ጣቴ ብዙም የማትበልጥ ቀጭን መስመር። ያን ያህል የፈራኋት ይቺን ነበር። ያለ ሕመም ዳነች። አሁን ከቆዳው መጨማደድ መለየት ያስቸግራል። እጁ ግን ሞረድ አይጨብጥም፤ ማንኪያም በግራው ነው የሚይዘው። ሰው ሲመጣ ያውቃል፣ ይስቃል፣ ስሙን ግን አያገኘውም። ስልክ ከአሽኬሎን ሲመጣ እኔ አነሳና «አሁን አይቆጥርም» እላለሁ። ኦዴሊያ በበጋው አገባች። ሽባባው በግራ እጁ ባረካት።

ለእሱ ሳልነግረው አምስት ወር ቆየሁ። «አሁን ብነግረው ምን ይጠቅመዋል? ያዝናል እንጂ» እል ነበር። አንድ ቀን ከንግግር አሠልጣኟ ተመልሰን በረንዳው ላይ ስንቀመጥ፣ ይሄም ያው እንደሆነ ገባኝ። አሁንም ስለ እሱ እኔው እየወሰንኩለት ነው። ተነሥቼ ደብዳቤውን አመጣሁ።

«ሽባባው፣ ይሄን ያን ጊዜ ሁሉንም አላነበብኩልህም» አልኩት።

አየኝ። ቃል ለማግኘት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ጠበቅኩት።

«አ...ንብቢ» አለ።

ከላይ ጀመርኩ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የደም ግፊቱን፣ የክኒኖቹን ስም አነበብኩለት። ሁለተኛውን ገጽ ገለበጥኩ። በደመቀ ፊደል የተጻፈውን መስመር መጀመሪያ በዕብራይስጥ፣ ከዚያ በአማርኛ ነገርኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ። አስቸኳይ። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት። ከዚያ ረቡዕ ዕለት ስልክ ደውዬ ያልኩትን ነገርኩት። ስለ መሳቢያውም ነገርኩት።

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። የትምህርት ቤት ልጆች እየጮሁ ሲያልፉ አየ።

«ሐሙስ» አለ። ይሄኛው ቃል ጥርት ብሎ ወጣለት።

«አዎ። ሐሙስ ነበር።»

«እ...ሄድ ነበር» አለኝ። «አል...ፈራም።»

ተነሥቶ፣ በግራ እጁ ግድግዳውን ይዞ፣ ወደ ውስጥ ገባ። ማታ ምግቡን ስሰጠው ተቀብሎኝ በላ። ይቅር ብሎኝ ይሁን ቃል አጥሮት ይሁን አላውቅም፤ ልጠይቀውም አልደፈርኩም። ይሄ እኔ የምሸከመው ነው።

ይሄን የምታነቡ ሁሉ፣ በየቤቱ እንደኔ ለሌላው የምታነቡ አላችሁ፤ ለአባታችሁ፣ ለእናታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከሐኪም የመጣ ወረቀት በእጃችሁ ካለ ለባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አንብቡለት፤ ቀኑን አትዝለሉ፣ ያስፈራችሁንም መስመር አትዝለሉ፤ የገባችሁ ካልመሰላችሁ ወይም ካስፈራችሁ ሐኪሙን መልሳችሁ ጠይቁ። የእጅ መዛል፣ የአፍ መጣመም አሥር ደቂቃ ቆይቶ ቢሄድም እንኳ በዚያው ሰዓት ደውሉ። ወረቀቱ አሁን መሳቢያችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ይሄን የእኔን ጽሑፍ አስቀምጡና ሄዳችሁ መጀመሪያ እሱን አንብቡለት።